በባክቴሪያው ጉልበት

ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች ፌጅ ይባላሉ። የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ውኃው ወደገፋቸው ይሄዳሉ። የሚያድኑት ባክቴሪያ ግን ብዙ ጊዜ ዋናተኛ ነው። ካይ የተባለው ፌጅ ይህን ችግር የፈታበት ጥበብ እስካሁን ያስደንቀኛል።

የካይ ተጠቂ የሆነው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚዋኘው ከአካሉ በወጡ ረጃጅም ክሮች፣ ማለትም በመዋኛዎቹ ነው። የአንዱ ክር ውፍረት 20 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ርዝመቱ ግን ከባክቴሪያው አካል ይበልጣል። በክሩ ሥር ያለው ሞተር በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ያሽከረክረዋል። ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር ባክቴሪያው ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ደግሞ ተንገዳግዶ መንገድ ይቀይራል።

አሁን ካይን ጠጋ ብለን እንየው። ከጅራቱ ጫፍ ቀጭን ክር ወጥቷል፤ ይህ ክር የሚሽከረከረው መዋኛ ላይ ይጠመጠማል። ሙጭጭ ብሎ ቢጣበቅ ኖሮ ከባክቴሪያው አካል ርቆ እዚያው በቀረ ነበር። መዋኛውን የሠሩት ፕሮቲኖች ግን ሲደረደሩ በላዩ ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ይተዋሉ፤ የካይ ክር የሚገባው እዚያ ቦይ ውስጥ ነው። ብሎኑ ሲዞር ዳዶው ወደ ሥሩ እንደሚገባ፣ ፌጁም ወደ ባክቴሪያው አካል ይሳባል። እዚያ ሲደርስ ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይልካል። የጉዞውን ጉልበት የከፈለው ተጠቂው ራሱ ነው!

ፌጁ በመዋኛው ላይ ወደ ሥሩ እንደሚወርድ ሻዴ፣ አድለርና ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1967 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታግዘው ጽፈዋል። የዳዶና የብሎኑ ሐሳብ በጣም የጠነከረው ግን በ1999 ነው። የሃዋርድ በርግ ቡድን መዋኛቸው በሰዓት አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ባክቴሪያዎችን ለካይ አቀረበ፤ ካይ አላጠቃቸውም። መዋኛውም ሞተሩም አለ፣ መዞሩም አለ፤ የጎደለው የመዞሪያው አቅጣጫ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሙከራ ከፌጁ ጥበብ እኩል ይደነቃል።

ሌሎች ፌጆችም የተንቀሳቃሽ ባክቴሪያን ጉዞ ይጋራሉ። አጋር በሚባል ለስላሳ ጄል ላይ ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ምግብ እየበላ በቀለበት ወደ ውጭ ሲሰፋ፣ ፌጆቹ አብረውት ርቀው ይሄዳሉ፤ ብቻቸውን ቢሆኑ ግን ያን ያህል መንገድ አይዘልቁም።

ከካይ የሚተርፉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው መዋኛቸው የጠፋ ወይም መዞር ያቆመ ናቸው።