የሚሠራ፥ ነገር ግን የማይቆጠር፦ ስለ አንኮበር ደቦና ስለ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የቀረበ ሂስ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገደል አፋፍ ላይ የሚገኝ፥ የቀድሞ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነው። ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱና ወደ አልዩ አምባ ገበያ ስለሚወርደው መንገድ ብዙ ተጽፏል። የአገሩ ሰው ሥራውን በኅብረት እንዴት እንደሚፈጽምና በዚያም ኅብረት ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ምን ስፍራ እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልማዱንና ሕጉን ጎን ለጎን አቁመን የሁለቱንም መልካምነትና ጉድለት ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ልማዱን እንመልከት። ደቦ ማለት ባለቤቱ ጎረቤቶቹን ጠርቶ፥ እህልና ጠላ አቅርቦ፥ የአንድ ቀን ሥራ የሚያሠራበት ሥርዓት ነው። ወንፈል ደግሞ ቀን በቀን የሚመለስበት ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ ያጨድህልኝን ነገ እኔ አጭድልሃለሁ። ሁለቱም ፈተና አያውቁም። የሚያጭድ፥ የሚሰበስብ፥ የሚሸከም፥ ውሃ የሚያመላልስ ሁሉ ስፍራ አለው፤ ያልለመደ ሰው ከለመደው ጎን ቆሞ እያየ ይማራል፤ የሥራውንም ፍጥነት ዘፈኑ ይመራዋል። ስለዚህ ማንበብና መቁጠር የማይችል ጎልማሳ በገብሱ እርሻ ላይ ከሌላው ሳያንስ ሲሠራ ይውላል። በዚህ ረገድ ልማዱ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋናው እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ባደግሁበት፥ ከአንኮበር በታች ባለ አንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። በወንፈል የዋለበት ቀን የሚቆጠረው በእናቱ ስም ነበር። በልቅሶ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፥ እንጨት ይፈልጣል፥ ውሃ ይቀዳል፤ በእድሩ መዝገብ ላይ ግን የተጻፈው የእናቱ ስም ብቻ ነው። እናቱ በሞተች ጊዜ መንደሩ በደንቡ መሠረት ቀበራት፤ ከቀብሩም በኋላ ስሟ ተሠረዘ። እርሱን ለሥራ መጥራት ግን አልተቋረጠም። ይኸውም ሰውዬው ለጉልበቱ የሚፈለግ፥ ለመብቱ ግን የማይታወቅ ሆነ ማለት ነው። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ «ምስኪን ነው፥ መዋጮ አናስከፍለው» ብለው ነው። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ግን ከዕዳ ብቻ ሳይሆን ከአባልነትም ጭምር ነፃ ያወጣል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ የምናገኘው ተቃራኒውን ጉድለት ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል፥ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትን አጠቃልሎ ይጠቅሳል፤ የሥራ ዕድል የሚጠበበውም ጉዳቱ ከማኅበራዊ፥ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ አድልዎ ጋር ሲገናኝ መሆኑን ያስረዳል። አሠሪው አስፈላጊ ሲሆን ረዳት እንዲመድብ ማዘዙም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ክፍት የሥራ መደብ የማግኘትን መብት የሰጠው ተፈላጊውን ችሎታ ላሟላና በውድድር ብልጫ ላገኘ ሰው ነው። ዓይነ ስውሩ በዚህ በር ሊገባ ይችላል፤ ፈተናው በብሬል ወይም በቃል ይቅረብለት። ጉዳቱ ፈተና የሚለካው ነገር ራሱ ለሆነበት ሰው ግን በሩ በስም ተከፍቶ በተግባር ተዘግቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የሚያነሣው ስለ መርዳትና መልሶ ስለ ማቋቋም ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 27 ከሌሎች ጋር በእኩልነት የመሥራትን መብት ይናገራል።

እንግዲህ ልማዱ ፈተና ሳይጠይቅ ያሠራል፥ ግን አይመዘግብም፤ ሕጉ ይመዘግባል፥ ግን ሳይፈትን አያስገባም። ሁለቱን ማስማማት የማይቻል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በቺካጎ የተጀመረው ልዩ ኦሊምፒክ ከጊዜ በኋላ ጉዳቱ ያለባቸውና የሌለባቸው ተጫዋቾች በአንድ ቡድን የሚሰለፉበትን ጨዋታ አስፋፍቷል። በዚያ ቡድን ውስጥ ሁሉም ተሰላፊ ነው፤ ሁሉም አንድ መለያ ይለብሳል።

አንዳንዶች «ብንቆጥረው የማይችለውን ግዴታ እንጭንበታለን» ይሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ ግዴታውንማ አስቀድሞ እየፈጸመ ነው፤ የጎደለው መብቱ ነው። ስለዚህ የወንፈሉ ቀን በራሱ ስም ይቆጠርለት፤ በእድሩ መዝገብ ስሙ ይጻፍ፥ ጉልበቱም እንደ መዋጮ ይታሰብለት፤ ሕጉ ረዳት ያለውን፥ ደቦውም ጎን ለጎን ቆሞ የሚያስተምረውን ሰው በስም ይወስኑለት። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያሻም፤ የሚያሻው በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ነው። ያ መስመር በሌለበት ግን ለመንደሩ ሙታን ሁሉ ውሃ ሲቀዳ የኖረ ሰው፥ የራሱ ቀን ሲደርስ የሚቀበረው በደንብ ሳይሆን በምጽዋት ይሆናል።