ከዳኛው በፊት የፈረደ ካሜራ

የኢራናዊው ዳይሬክተር የአስጋር ፋርሃዲ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2011 በበርሊን ፌስቲቫል የወርቅ ድብ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ ዓለም ያወቀው «ኤ ሴፓሬሽን» በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙ ነበር። የፋርስኛው ርእስ ግን «የናደር ከሲሚን መለያየት» ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ይሁንና ፍቺውን የጠየቀችው ሚስቲቱ ሲሚን ሆና ሳለ ርእሱ ባልየውን ማስቀደሙ ፊልሙ የሚሄድበትን መንገድ አስቀድሞ ይጠቁማል።

መክፈቻው ሚዛናዊ ነው። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በቀጥታ ወደ ካሜራው ይናገራሉ፤ ዳኛው አይታይም፤ በእሱ ወንበር የተቀመጠው ተመልካቹ ነው። ሲሚን ወደ ውጭ አገር የሚያስወጣ ቪዛ አግኝታለች፤ ጊዜው ሊያበቃ የቀረው 40 ቀን ነው። ናደር በመርሳት በሽታ የሚሠቃየውን አባቱን ጥሎ አይሄድም። ፍቺውን ባይቃወምም የ11 ዓመት ልጃቸው ቴርሜ ከእናቷ ጋር እንድትሄድ አይፈቅድም፤ ያለ አባት ፈቃድ ደግሞ ልጅቷ ከአገር አትወጣም።

እዚህ ላይ አማርኛ ተርጓሚን የሚያስቸግር ነገር አለ። የኢራን ሕግ ልጅን ይዞ የማሳደግ መብትንና በልጁ ጉዳይ የመወሰን ሥልጣንን በሁለት ቃላት ይለያል። የኢትዮጵያም ሕግ «አሳዳሪ»ንና «ሞግዚት»ን ይለያል፤ በተራው ንግግር ግን ሞግዚት ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ሕፃን የምትጠብቅ ሠራተኛን ነው። ሲሚን ልጇን ታሳድግ ይሆናል፤ የት አገር እንደምታሳድጋት ለመወሰን ግን ሥልጣን የላትም። የፊልሙ ጭንቅ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሲሚን ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ካሜራው አይከተላትም። ከናደር ጋር ይቀራል። ናደር አባቱን ሲያጥብ፣ ልጁን ሲያስጠና፣ ነዳጅ ማደያ ላይ የቀረውን መልስ ራሷ እንድታስመልስ ሲልካት እናያለን። ሲሚን በእናቷ ቤት እንዴት እንደምታድርና ምን እንደምታስብ ግን እምብዛም አይታይም፤ መጥታ የምትሄድ እንግዳ ትመስላለች። ስለዚህ ናደር ነፍሰ ጡር የሆነችውን ሠራተኛ ገፍትሮ ጽንስ አስወርዷል ተብሎ ሲከሰስ፣ ሲዋሽም ጭምር፣ የተመልካቹ ልብ ከእሱ አይርቅም። ከዳኛው በፊት ካሜራው ፈርዷል።

ይህ የፋርሃዲ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የሮበርት ቤንተን «ክሬመር ቨርሰስ ክሬመር» እናት ጆአና ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቤቱን ጥላ ትወጣለች፤ ፊልሙም ቁርስ መሥራት የማያውቀው አባት አሳዳጊ መሆንን ሲማር ያሳያል። እናቲቱ ለፍርድ ቤት ክርክር ስትመለስ ስለ ራሷ የምታስረዳበት ጊዜ አጭር ነው። ሜሪል ስትሪፕ የዚያን የምስክርነት ቃል በራሷ አገላለጽ እንደ ጻፈችው ይታወቃል፤ ተዋናይቱ ባትደርስላት ኖሮ ጆአና ጠበቃም አልነበራት። ፍርድ ቤቱ ለእናት ሲወስን ተመልካቹ የሚቆጣው ሕጉን መርምሮ አይደለም፤ ያያት ጥቂት ስለሆነ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግም በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ተጉዟል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ይህን ትቶ የተጋቢዎቹ ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹ ዕድሜና ጥቅም እንዲመዘን አደረገ። በ2000 ዓ.ም ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በወላጅ አባትና ልጁን ባሳደገች አክስት መካከል በተነሣ ክርክር የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ለአክስቲቱ ወስኗል። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው። የሁለቱ ፊልሞች ካሜራ የሚከተለውም ይህንኑ መንገድ ነው፦ ያሳደገ ይያዝ። ነገር ግን ማሳደግ ሁሉ በዓይን አይታይም። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትልክ እናት፣ ማለዳ ቀስቅሶ ያለበሰው ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የምትሰጠው መልስ የላትም። ሲሚንም የልጇን የወደፊት ሕይወት ብላ ነው የተነሣችው፤ ፊልሙ ግን ይህን በቃል ብቻ እንጂ በሥዕል አላሳየላትም።

ፋርሃዲ ከቤንተን የሚበልጠው በልጅቷ ነው። በአሜሪካው ፊልም አባትየው ይግባኝ ካለ ልጁ ምስክር ሆኖ መቆም እንዳለበት ሲነገረው ይግባኙን ይተዋል፤ በመጨረሻም እናቲቱ ልጁን አልወስድም ስትል ነገሩ በበጎ ፈቃዷ ያልቃል። ይህ ፍጻሜ የተመልካቹን እንባ ያብሳል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም። ቴርሜን ግን የሚተርፍላት የለም። እናቷ ያለ እሷ እንደማትሄድ ስለምታውቅ፣ ቤተሰቡ እንዳይበተን ሆነ ብላ ከአባቷ ዘንድ ትቆያለች። አባቷን ለማዳን በዳኛ ፊት ዋሽታ መኪና ውስጥ ታለቅሳለች። ያቺው ልጅ መጨረሻ ላይ ከማን ጋር መኖር እንደምትመርጥ ትጠየቃለች። የልጅን ድምፅ መስማት መብቱን ማክበር ነው፤ የወላጆቹን ፍርድ በልጁ አፍ ማናገር ግን ሌላ ነው፤ ፋርሃዲ ሁለቱን በአንድ ወንበር ላይ አስቀምጧቸዋል።

በዚህ ትዕይንት ሦስቱም ጥቁር ለብሰዋል፤ አዛውንቱ ማረፋቸውን የሚጠቁም ነው። ናደርን ያስቀረው ምክንያት ከሌለ ፍቺው ለምን እንደ ቀጠለ ማንም አይናገርም። ቴርሜ ወስኛለሁ ትላለች፤ ወላጆቿ ወደ ኮሪደሩ ይወጣሉ። እዚያም ባልና ሚስቱ በመስታወት ተከፍለው በአንድ ሥዕል ውስጥ እኩል ስፍራ ይዘው ይታያሉ፤ ከመክፈቻው ወዲህ ካሜራው ለሁለቱም እኩል የቆመው እዚህ ነው። የልጅቷን መልስ ሳንሰማ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ማለፍ ይጀምራል።