የቮልስ ትንፋሽ

የአዲስ አበባ ቮልስ ገና ከሩቅ በድምፁ ይታወቃል። ያን ድምፅ የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ከሞተሩ አናት የተቀመጠችው ጭብጥ የምታህል ካርቡራተር ናት።

ምርጫው ይቀድማል። ሶሌክስ 34 የተባለችው ካርቡራተር ለ1600 ሲሲ ሞተር የተሠራች ናት፤ ቁጥሩ የጉሮሮዋ ስፋት በሚሊሜትር ነው። እሷን አንስቶ 1200 ላይ መጫን ጉልበት የሚጨምር ይመስላል፤ አይጨምርም። አየሩ ዝግ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚኑ በወጉ አይበተንም፤ ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ይንገዳገዳል።

ከፍታም አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለጠረፍ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ ቤንዚን የምታሳልፈውን የነሐስ ቀዳዳ ጠበብ ባለች ይተካታል። ልዩነቱ የሚሊሜትር መቶኛ ነው!

ከዚያ ሚኒሞ፦ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝግ ያለ ዙር።

ሞተሩ በደንብ ይሞቃል። መካኒኩ ጆሮውን ሰጥቶ የካርቡራተሯን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ቀስ እያለ ያጠብቃል፤ ሞተሩ ማነከስ ሲጀምር ቆም ይላል፤ ጥቂት ይመልሳል። ድምፁ ወዲያው ይሰክናል። ከዚህ የሚያምር የእጅ ሙያ ጥቂት ነው።

ቮልስ ያላችሁ፣ ካርቡራተር ከመለወጣችሁ በፊት ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት፤ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ አትንኩት።