ጅብ በማያውቁት አገር፦ ስለ ቪፒኤን ነጋዴዎች ቃል የቀረበ ሂስ

ምስጢርን ለሌላ ሰው አደራ መስጠት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ኡም ራኩባን ማስታወስ ይበቃል። ኡም ራኩባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ወሰን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በእግራቸው የተጓዙ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ማንነታቸውን ደብቀው በዚህ መጠለያ ተቀምጠዋል። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ ከገዳሪፍ አካባቢ በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም እየተወሰዱ፣ በአንድ የቤልጂግ የግል ኩባንያ አውሮፕላኖች ከአገር ወጡ። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ወሬው በጋዜጣ ታተመ፤ የእስራኤል መንግሥትም አረጋገጠው፤ ሱዳንም ጉዞውን አስቆመች። በመጠለያው የቀሩት ሰዎች አንድም ቃል ሳይተነፍሱ መንገዱ ተዘጋባቸው። ምስጢሩን ያባከኑት አደራ ሰጪዎቹ አልነበሩም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣውን ጦርነት የሸሹ ሰዎች ደግሞ በኅዳር ወር በዚሁ መጠለያ ሰፈሩ። የዛሬ ስደተኛ ምስጢር ያለው በእጅ ስልኩ ውስጥ ነው፦ የዘመዶቹ ስም፣ ያለበት ቦታ፣ ለወዳጁ የጻፈው ሐሳብ። ማን ያየኝ ይሆን የሚለው ሥጋት በመጠለያው ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ቤታችንም አለ። ቪፒኤን የሚባለው አገልግሎት ነጋዴ የሚመጣው ይህን ሥጋት ተከትሎ ነው። «ማንም አያይዎትም፤ እኛም አንመዘግብም፤ ዋጋውም ነፃ ነው» ይላል። ይህን ቃል እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በሂስ ዓይን መመርመር ይገባል።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። ቪፒኤን ከስልካችን እስከ ኩባንያው ኮምፒዩተር ድረስ የተመሰጠረ መተላለፊያ ይዘረጋል። የቴሌ ድርጅቱ ወደ ኩባንያው መግባታችንን ያያል እንጂ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሄድን አያይም። ሆኖም ያንን ሁሉ አሁን ማየት የሚችለው ኩባንያው ራሱ ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። ከዚህም ሌላ በስማችን ወደ ፌስቡክ ስንገባ ፌስቡክ ያውቀናል፤ ኬላ ላይ ስልካችን ቢፈተሽም መተላለፊያው ከኪሳችን ያለውን አይደብቅም። «ማንም አያይዎትም» የሚለው ቃል በዚህ ብቻ ይወድቃል።

ሁለተኛው «አንመዘግብም» የሚለው ነው። ፒዩር ቪፒኤን የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን እንቅስቃሴ እንደማይመዘግብ ያስተዋውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ግን በአሜሪካ ለፍርድ ቤት የቀረበ ሰነድ፣ ኩባንያው የያዘው መዝገብ አንድ ተጠርጣሪን ለመለየት እንደረዳ ገለጸ። ሰውየው ሌሎችን ሲያሳድድ የነበረ ወንጀለኛ ስለሆነ መያዙ አይነቀፍም። የሚነቀፈው በማስታወቂያውና በመዝገቡ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ያ ርቀት ንጹሑን ሰው ጭምር ይመለከታልና።

ሦስተኛውና ተማሪን በብዛት የሚያጠምደው «ነፃ» የሚለው ቃል ነው። ኮምፒዩተር መብራትና ጥገና ይፈልጋል፤ ወጪውን አንድ ሰው መክፈል አለበት። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 የገዛው ኦናቮ የተጠቃሚዎችን ምስጢር እጠብቃለሁ እያለ፣ ምን ምን ዓይነት ፕሮግራም እንደሚጠቀሙ ለባለቤቱ የገበያ ጥናት ይሰበስብ ነበር። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለት የሜታ ቅርንጫፎችን በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን ፕሮግራሞችን መርምረው 18 ከመቶው ምንም እንደማያመሰጥሩ፣ 38 ከመቶው የጎጂ ፕሮግራም ምልክት እንዳለባቸው አሳይተዋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሂስ ግን ሚዛን ሊኖረው ይገባል። የስዊድን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሙልቫድ ወደተባለው ኩባንያ ቢሮ የፍተሻ ትእዛዝ ይዞ ሄዶ፣ የሚፈለገው የደንበኛ መረጃ ባለመኖሩ ባዶ እጁን ተመልሷል። ያልተመዘገበ ነገር ሊሰረቅም ሊወሰድም አይችልምና ይህ ጥሩ ምስክር ነው። በአገራችንም በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በታገዱ ጊዜ ብዙ ሰው በቪፒኤን ተጠቅሞ ከወዳጅ ዘመዱ ጋር ተገናኝቷል። ጥቅሙን መካድ አይቻልም።

ወሰኑን መርሳትም አይገባም። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከስልክና ከኢንተርኔት በተቆረጠች ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ፣ ቪፒኤን ለማንም አልደረሰም። በመንገድ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ መንገዱ ራሱ ሲፈርስ ምን ይፈይዳል? ኡም ራኩባ የነበረ ስደተኛ የእናቱን ድምፅ ያጣው ጥሩ ቪፒኤን ስላልገዛ አልነበረም።

ታዲያ ምን ያህል እንመን? የዚህ ጸሐፊ መልስ አጭር ነው፦ እንደ አደራ ተቀባይ መርምረን፣ በልክ እንመን። በባህላችን አደራ የሚሰጠው ቤቱ ለሚታወቅ፣ ዋስ ላለው ሰው ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸው አንድ የቪፒኤን ማስታወቂያ ወደ ክፍል አምጥተው አራት ጥያቄ እንዲጠይቁት ቢያደርጉ መልካም ነው። ባለቤቱ ማን ነው? ከየት ያተርፋል? የውጭ ገለልተኛ መርማሪ ሥራውን አይቶ ውጤቱን አትሟል? የማይደብቀው ነገር ምን እንደሆነስ ይናገራል? የመጨረሻውን ጥያቄ በቅንነት የሚመልስ ነጋዴ ጥቂት እምነት ይገባዋል። ሁሉን እደብቃለሁ ለሚለው ግን የልጅን ስምና የእናትን አድራሻ አደራ መስጠት አይገባም። በ1977 ዓ.ም. አንድ ወሬ የብዙ ሰው መንገድ ዘግቷልና፤ ዛሬም ከአንድ ስልክ የሚወጣው ስም የሌሎች ሰዎች ስም ነው።