አሥራ ሁለት ቀለም በአንድ ባር

የአማርኛ ራፕ አንዳንዴ ጆሮ የሚኮሰኩሰው ለምን እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ ስለ ልብሱ ወይም ስለ ፈረንጅ ቅጂነቱ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። የእኔ መልስ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቀለሙ ከቢቱ ጋር አልተስማማም። ሐሳቡ ጥሩ፣ ድምፁ ጥሩ፣ ቢቱም ጥሩ ሆኖ ሦስቱ ሳይገናኙ ያልፋሉ።

ግጥም በቢት ላይ ማስቀመጥ የጀመርኩት አምደወርቅ ነው፤ የደሃና ወረዳ ከተማ፣ ዋግ ኽምራ። ስቱዲዮ አልነበረንም። ስልክ ነበረን፣ ጋቢ ነበረን። ጋቢ ተከናንቦ ስልኩን አፍ ሥር ይዞ መቅዳት የክፍሉን ማስተጋባት ይውጠዋል፤ በዚህ ረገድ ገንዘብ ከፍዬ ከገባሁባቸው ስቱዲዮዎች አንዳንዶቹን ያስንቃል። ቢት በሌለ ጊዜ ጀሪካን እንመታ ነበር፤ በሰሜኑ ጦርነት ወራት መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ደግሞ ከጀሪካኑ በቀር ምንም አልነበረም። ጀሪካን ለጀማሪ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ግጥሙ ከምቱ ሲወጣ የሚደብቅልህ የሙዚቃ ጌጥ የለውም።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። የአማርኛን ሥነ ግጥም የመረመሩ ሰዎች ለየቤቱ ስም አውጥተውለታል። ቡሄ በሉ በአራት በአራት ቀለም ይከፈላል፤ ሰንጎ መገን በአምስት በአምስት፤ የወል ቤት በስድስት በስድስት። ቀለም ስል በወረቀት ላይ ያለውን ፊደል ማለቴ አይደለም፤ አፍ የሚያወጣውን ነው፤ አናባቢ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ባለው ቀለም ላይ ይለጠፋል። አንዱ የራፕ መስመር የሚያርፍበት ባር ደግሞ አራት ምት አለው። አሁን ማካፈል ነው። ስምንት ቀለም ለአራት ምት ሁለት ሁለት ይደርሳል፤ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ሲሉ የሚሰማው ይኸው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የማይሳሳቱበት። አሥር ቀለም ለአራት አይካፈልም፤ ሰንጎ መገን የሚወድ ራፐር መጨረሻው ላይ ትንፋሽ መተው አለበት፤ አለዚያ ይደናቀፋል። አሥራ ሁለቱ ግን ሦስት ሦስት ይገባል።

ይህን ለማየት ከራሴ ደብተር አንድ ስንኝ ልጥቀስ።

አምደወርቅ ሳልገባ መሸብኝ መንገዱ፤
እናቴ ደጅ ቆማ ጋለባት ምጣዱ።

በጣታችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ አንብቡት። «አምደወርቅ» በመጀመሪያው ምት፣ «ሳልገባ» በሁለተኛው፣ «መሸብኝ» በሦስተኛው፣ «መንገዱ» በአራተኛው ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ሦስት ቀለም ነው። ሁለተኛው መስመርም እንዲሁ። በዚህ ዘመን ወጣቱ «ትሪፕሌት ፍሎው» እያለ የሚያደንቀው፣ ሚጎስ የተባሉት የአትላንታ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለምን ያጥለቀለቁበት አካሄድ፣ በቁጥሩ ከወል ቤት አይለይም። የወል ቤት ደግሞ ስሙ እንደሚለው የሁሉም ነው፤ ለቅሶም፣ ዘፈንም፣ ቀረርቶም ሲነገርበት የኖረ ቤት።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንዱ ችግር ማሽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሮላንድ ቲአር 808 አንዱን ባር በ16 ቁልፍ ከፍሎ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን ኤፍኤል ስቱዲዮን ጨምሮ፣ ሲከፈቱ የሚያሳዩት ይህንኑ በአራት የተከፈለ ሰሌዳ ነው። አሥራ ስድስት ለሦስት አይካፈልም። ልጁ ሳያውቀው የአያቶቹን ቤት ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ በአራት ይከፍልበታል፤ እሱም ቀለሙን እየጨፈለቀ ወይም እየለጠጠ ያስገባል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሰሌዳውን በሦስት የሚከፍል ምርጫ እዚያው ውስጥ አለ። የደጋው ዘፈን ችክችካም በሦስት በሦስት የሚሄድ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ሲቀየር ከበሮውም አብሮ ይመጣል።

ሌላው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አይጽፈውም፤ አፋችን ግን አይረሳውም። «መሸብኝ» ውስጥ ሸም ብም ይጠብቃሉ፤ ሦስት ቀለም ብትሆንም ከ«ሳልገባ» ትከብዳለች። ስለዚህ ድምፁ ከምቱ በጥቂቱ ወደኋላ ይቀራል፤ እኔ እዚያ ላይ አልቸኩልም፤ መሸ ያለ ሰው ቢዘገይ ያምርበታል። ከእንግሊዝኛ ራፕ ብቻ የተማሩ ልጆች ይህን ክብደት ጠርገው ያወጡታል፤ ሁሉንም እኩል ያላሉታል። ቃሉ አማርኛ ሆኖ የሚናገረው ሰው የውጭ ሰው የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ቤት መምታትም የራሱ ወጥመድ አለው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «ነው» በ«ነው»፣ «አለሁ» በ«አለሁ» ያለ ድካም ይመታል። ይህ የሰነፍ ቤት ነው። አዝማሪ ግን ግሡን ያስቀድምና ስሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። «መንገዱ መሸብኝ» ብል ኖሮ «ምጣዱ ጋለባት» ጋር አይገናኝም ነበር።

ይህን ሁሉ ከየት ተማርኩት? ከመጽሐፍ የለቀምኩት ስሞቹን ብቻ ነው። ሥራውን ያየሁት በሻደይ ነው።

ነሐሴ 16 ሲደርስ የዋግ ልጃገረዶች ተሠርተው፣ ተኩለው፣ የሻደዩን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይወጣሉ። ላሊበላ አሸንድዬ ይለዋል፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ። በየቤቱ ደጃፍ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ሰቆጣ ላይ ደግሞ ከየአቅጣጫው የመጣው ቡድን ሜዳ ላይ ይገናኛል። እንግዳ ሰው ቅጠሉንና ቀሚሱን ፎቶ ያነሣል። እኔ የምሰማው አውራጇን ነው። አንዲት ልጅ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የቤቱን ጌታ በስሙ ታወድሳለች፤ ንፉግ ከሆነ በዚያው ዜማ ትሸነቁጠዋለች፤ ከማዶ የቆመውን ቡድን ትነካካለች። ስንኙ ከቤት ተጽፎ አልመጣም፤ ገሚሱ የተለመደ ነው፣ ገሚሱ እዚያው በሩ ላይ የተወለደ ነው።

አውራጇ ማሰቢያ ጊዜውን የምታገኘው ከተቀባዮቹ ነው። እነሱ ሲመልሱ እሷ ቀጣዩን ታዘጋጃለች። ይህን አስተውዬ ፍሪስታይል ላይ ያለኝ ፍርሃት ቀለለኝ። ብቻውን ማይክ ይዞ የቆመ ራፐር ማሰቢያ ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ «የ»፣ «ኦኬ»፣ «ስማ» እያለ ክፍተቱን ይሞላል። እኔ ጓደኞቼን አጠገቤ አቁሜ በየሁለት መስመሩ አጭር መልስ እንዲመልሱ አደርጋለሁ። ሕዝቡ ሁክ ይመስለዋል። ለእኔ ማሰቢያዬ ነው።

ከበሮውም ትምህርት አለው። ሰፊው አፍ ዝቅ ያለውን ይሰጣል፣ ጠባቡ ከፍ ያለውን፤ ኪክና ስኔር ማለት ናቸው። ሁለቱን ለየብቻ በስልክ ቀድቼ ማሽኑ ውስጥ ካስገባሁ ወዲህ የተገዛ የከበሮ ድምፅ ብዙም አልፈልግም።

አንድ የዘመን መገጣጠም ልጥቀስ፤ ብዙ ትርጉም አልሰጠውም፣ ግን ደስ ይለኛል። ሂፕ ሆፕ ተወለደበት የሚባለው የብሮንክስ ጭፈራ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ በ1520 ሴጅዊክ ጎዳና ለእኅቱ ለሲንዲ ካምቤል ድግስ ሙዚቃ ያጫወተበት ምሽት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1965፤ ከሻደይ 11 ቀን በፊት። ኸርክ ሁለት ተመሳሳይ ሸክላ እያፈራረቀ የከበሮውን ክፍል አስረዘመው፤ ጨፋሪው ሳይቋረጥበት የሚናገር ሰው በላዩ መጣ። ያኔ ዋግ የነበረችባትን ወሎን ግን ዓለም በዚያ ዓመት የሰማት በድርቋ ነው፤ ጭፈራዋን የጠየቀ አልነበረም።

በሻደይ ያለው ነገር በአዝማሪ ቤትም አለ። ጠጅ የጠጣ ሰው «ተቀበል!» ይላል፣ መስመሩን ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ አሳምሮ ይመልሰዋል። በድሮው ሙግት ደግሞ በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ በትር ይዘው፣ በግጥም ይከራከሩ ነበር፤ ዛሬ «ባትል» የምንለው ከዚያ የሚለየው ዳኛ ስለሌለው ብቻ ይመስለኛል። ዋድላ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰዎች እንደሚነግሩን ደግሞ ትናንት የተዘረፈን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ፣ ከዚያም ብሶ የሌላን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ፣ ነውር ነው። ግጥም ለሚገለብጡ ራፐሮች ከዚህ የጠነከረ ሕግ አላውቅም።

አዝማሪው ይህን ሁሉ ችሎ ክብር አላገኘም። ስሙ ስድብ ነበር። ኃይሉን ያወቀው ጠላት ነው፤ የፋሺስት ኢጣሊያው ገዥ ግራዚያኒ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ በ1929፣ ጠንቋዮችና በየአገሩ የሚዞሩ ዘፋኞች እንዲገደሉ ያዘዘው ወሬና መንፈስ እንደሚያቀጣጥሉ ገብቶት ነበር። እኔ ራፕ ስጀምር ሰፈር ውስጥ የተሰጠኝ ስም «ዱርዬ» ነው። ሙያው ሲወረስ ስሙም አብሮ ይወረሳል።

አዲስ አበባ ሂፕ ሆፕ የገባው በካሴት፣ በሳተላይት ዲሽና ከውጭ በተመለሱ ልጆች ነው። ደርግ ሌሊቱን በሰዓት እላፊ ዘግቶት ስለነበር በዚያ ዘመን የሌሊት ቤት አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ከመጡት ቴዲ ዮን የማከብረው ጉራጌቶን በሚለው ሥራው ነው፤ ቋንቋውን ለቢቱ ከማጣመም ይልቅ ቢቱን ወደ ጉራጌ ምት ወሰደው። ልጅ ሚካኤል፣ ፋፍ የሚሉት፣ ራፐር በትልቅ መድረክ ላይ እንደ ዘፋኝ ሊቆም እንደሚችል አሳየ። ከሁሉም ጆሮዬን የሚይዘኝ ካስማሰ ነው። «ማለዳ» አልበሙ ላይ አማርኛው አይቸኩልም፤ የሚጠብቀው ይጠብቃል፣ የሚላላው ይላላል። ባሕር ማዶ ሲያትል ላይ ጋብርኤል ቴዎድሮስ አለ፤ እስራኤል ውስጥ ካፌ ሻሆር ሃዛክ የሚባሉት ሁለት የአክስት የአጎት ልጆች አሉ።

በሌላ በኩል ዓለም ከእኛ ሲወስድ ቆይቷል። አምሐ ሪከርድስ ለሙላቱ አስታጥቄ ያወጣለት «የግሌ ትዝታ» እ.ኤ.አ. በ2010 የናስና የዳሚያን ማርሊ «አስ ዊ ኢንተር» መነሻ ሆነ። ኦ ኖ የተባለው ካሊፎርኒያዊ ቢት ሰሪ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሸክላ ቆራርጦ ሠራ። በዚህ አልከፋም፤ ቆርጦ መሥራት የሙያው ሥርዓት ነው። የሚገርመኝ እኛ ራሳችን የእነሱን የከበሮ ድምፅ ከኢንተርኔት እያወረድን የእኛን ከበሮ በየነሐሴው ሳንቀዳው ማለፋችን ነው።

የቀረው ትልቅ ሥራ የዋግ ቋንቋ ኽምጣንጋ ነው። እኔ የምጽፈው በአማርኛ ነው። ኽምጣንጋን እሰማለሁ፤ እንደ ሴት አያቴ ግን አልፈላሰፍበትም። የአገው ቋንቋ ስለሆነ የራሱ አጥብቆ የሚወጣ ድምፅ፣ የራሱ የቀለም አቆጣጠር አለው፤ የወል ቤት ሂሳቤን እዚያ ላይ ልጫነው አልችልም። ዳካር ላይ ፖዚቲቭ ብላክ ሶል የተባሉት ራፐሮች በፈረንሳይኛ ብቻ ሳይወሰኑ በወሎፍም ራፕ አድርገዋል። አንደኛ ደረጃን በኽምጣንጋ የተማሩ ልጆች ዛሬ አድገዋል፤ ይህን መሥራት ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ እኔ ቢት መስጠት እችላለሁ።

ነሐሴ 16 ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ አምደወርቅ የምትመጡ ቢት ሰሪዎች፣ ካሜራውን ለጊዜው አስቀምጡትና ማይኩን ወደ አውራጇ አስጠጉ። ከመቅዳታችሁ በፊት እሷንም ቤተሰቧንም አስፈቅዱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝም መብት ይሰጣል፤ ስለዚህ ድምፅዋን ቢት ላይ ካስገባችሁ ስሟን ከእናንተ ስም ጎን ጻፉ፣ ገቢ ከመጣም አካፍሏት።