ከተቈራረጠ ጽሑፍ አንዱን ክፍል ስለ ማውጣት፤ ከኮልፌ ቀራንዮ አድራሻ የተነሣ ሂስ

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምሩ ጓደኞቻችን አስቀድመው ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድን መሥመር በመለያ ምልክት ቈራርጦ የሚፈለገውን ክፍል ማውጣት ነው። ይኸውም «በክፍት ቦታ ቍረጥ፤ ሦስተኛውን ውሰድ» እንደ ማለት ነው። ዘዴው ቀላል መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን በአገራችን ጽሑፍ ላይ ሲውል የሚያስከትለውን ስሕተት ለማመልከት እንወዳለን።

«ቦሌ ወረዳ 3» የሚለው አድራሻ ሲቈረጥ ሦስተኛው ክፍል 3 ነው። «ኮልፌ ቀራንዮ ወረዳ 3» ሲቈረጥ ግን ሦስተኛው ክፍል «ወረዳ» የሚለው ቃል ይሆናል። ከዐዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች የ5ቱ ስም ከአንድ ቃል በላይ ነው፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶማ ሦስት ቃል አለው። ስለዚህ በቦሌ የተፈተነ ፕሮግራም ኮልፌ ሲደርስ ይሳሳታል። ከመጨረሻው እንቍጠር የሚሉ አሉ፤ ይህም የቤት ቍጥር የተጨመረበት ዕለት ይፈርሳል።

በሰው ስም ላይ ነገሩ ይከብዳል። «ወልደ ሥላሴ ተሰማ» ከሚለው ስም ሁለተኛውን ቃል የአባት ስም አድርጎ የሚያወጣ ፕሮግራም «ሥላሴ» ይላል። ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ስሕተትም አላስታወቀም። ነገር ግን ስሙ ከመታወቂያው ጋር ስለማይስማማ የሚመላለሰው ባለጉዳዩ ነው። መለያው በእዝባር (/) ይለወጥ ቢባልም፣ «ገ/መድኅን» የሚለው አጻጻፍ ችግሩን ይመልሰዋል። ጥንታዊው ሁለት ነጥብ (፡) በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ሆኖም የፓይተን «ስፕሊት» ትእዛዝ፣ መለያው ካልተነገረው፣ በክፍት ቦታ እንጂ በሁለት ነጥብ አይቈርጥም።

እንግዲህ ጥፋቱ የቈራጩ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን ያዘጋጀውም ነው። በእኛ አስተያየት፣ አንደኛ፣ መለያው በይዘቱ ውስጥ የማይገኝ ምልክት ይሁን፤ ወይም በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 4180 የተባለው ሰነድ ስለ ኮማ እንደሚገልጸው፣ መለያውን የያዘው ክፍል በትእምርተ ጥቅስ ይታቀፍ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ክፍሎቹን ይቍጠር፤ ልክ ካልሆኑ የተሳሳተ መልስ ከመስጠት ይልቅ ያስታውቅ። ነገር ግን ቈጠራ ብቻውን አይበቃም፤ «ወልደ ሥላሴ ተሰማ»ም «አበበ ተሰማ ደስታ»ም ሦስት ቃል ናቸውና። ስለዚህ ሦስተኛውና ዋናው፣ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ከመነሻው በየራሳቸው ሳጥን መጻፋቸው ነው።

መምህሮቻችንም ለሙከራ ምሳሌ ሲሰጡ፣ ከቦሌ በፊት ኮልፌ ቀራንዮን እንዲያስቀድሙ በትሕትና እናሳስባለን።