ከስሙ በፊት ጣዕሙ

ሲመሰገን ሰምቶ የሚያመሰግን፥ ሲነቀፍ ሰምቶ የሚነቅፍ ሰው የገደል ማሚቶ እንጂ ፈራጅ አይባልም። ይህ ጉድለት የኢጣልያን ቀይ የወይን ጠጅ ቀምሰው ዋጋውን በሚተምኑ ሰዎች ዘንድ ጐልቶ ይታያል። ከምላሳቸው ቀድሞ ዓይናቸው በጠርሙሱ የተለጠፈውን ወረቀት ይቀምሳልና።

ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣችው ሕግ የወይን ጠጆቿን በየተሠሩበት ስፍራና በማዕረግ ለየች። በቶስካና፥ በቦልገሪ የሚጠመቀው ሳሲካያ ግን ካበርኔ ከተባለው ከፈረንሳይ ከመጣ የወይን ዘር ስለሚሠራ፥ ለእርሱ የሚሆን ደንብ አልነበረምና «የማዕድ ወይን ጠጅ» የሚለውን ዝቅተኛ ስም ተሸከመ። ሆኖም በ1978 በለንደን በተደረገ ውድድር የብዙ አገሮችን ካበርኔ በልጦ አንደኛ ወጣ። ሕጉ ማዕረጉን የሰጠው በ1994 ነው፤ ምላስ የፈረደውን ወረቀት ከ16 ዓመት በኋላ አጸደቀ።

ታዲያ ምላስ ብቻ ይበቃልን? አይበቃም። በ1986 ትርፍ ፈላጊዎች በርካሽ ወይን ጠጅ ሜታኖል ጨምረው ከ20 የሚበልጡ ሰዎችን ገደሉ፤ መርዙን ምላስ አልለየውም።

ስለዚህ ቀማሹ አስቀድሞ ጠርሙሱን በጨርቅ ይሸፍን፤ ሽታውን፥ ጎምዛዛነቱን፥ ምላስን የሚይዘውን መራርነት፥ ከተዋጠ በኋላ የሚቈየውን ጣዕም መርምሮ ፍርዱን ይጻፍ። ከዚያ ጨርቁን ገልጦ የሠሪውን ታማኝነትና ዋጋውን ይጠይቅ። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ለባለ ስም ያዳላል፤ ስም የሌለውን ደግ ሠሪ ይበድላል።